ከባትሪው ሥር የነበረው ወረቀት

ሐረር ውስጥ ፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ ስጽፍ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አቦከር ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቼ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ድሮ አብሬያቸው እስቅ ነበር። አሁን ቀልዱን የሚጀምር ሰው ሳይ ፊቴን አዞራለሁ።

የመንገድ ጸሐፊ ከዳኛ ይልቅ ንፋስን ይፈራል። ስለዚህ ሁላችንም አንድ ልማድ አለን፤ የባለጉዳዩን ወረቀት ከላፕቶፑ ሥር እንሸጉጣለን። ላፕቶፑ ከባድ ነው፣ ወረቀት በንፋስ አያስወስድም። ስናነብ ሳብ እናደርገዋለን፣ ስንተይብ መልሰን እናስገባዋለን። እንዲህ እያደረግሁ የሰው ወረቀት ጠፍቶብኝ አያውቅም ብዬ እኮራ ነበር።

ያን ጠዋት ከድሬ ጠያራ አንድ አዛውንት ገበሬ መጡ። ወረቀታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ላስቲኩን በጨርቅ ቋጥረው ነበር የያዙት። እሳቸውና ሟቹ ወንድማቸው የእርሻቸውን ድንበር ሲካለሉ በሽማግሌ ፊት የተጻፈ ነው። ወንድምየው አሻራውን አኑሮበታል። ያስማሟቸው ሽማግሌዎችም ሞተዋል። አሁን የወንድማቸው ልጆች ድንበሩን ገፍተው ማረስ ጀምረዋል፣ እኚህ ሰው ደግሞ በእጃቸው ያለው ማስረጃ ያ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱን ሲፈቱት ግን እጃቸው ይጠነቀቅ ነበር።

«ልጄ፣ አደራ» አሉኝ።

«አባባ፣ አያስቡ» አልኳቸው። እንዲህ ያለው ቃል ከአፍ ሲወጣ እንዴት ይቀላል!

መብራት ከማለዳ ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። ቅጂ ሳይነሳ መጀመር እንደሌለብኝ አውቃለሁ። ግን በቅርቡ ኤረር በር አካባቢ ካለ ሱቅ አዲስ ባትሪ አስገብቼ ነበርና መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ አልሰጠኝም። እንዲያውም ከጥቂት ቀን ወዲህ ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ አልደላደል ብሎ ይንገዳገድ ነበር። ባትሪው አብጦ ይሆን ብዬ መጠርጠር ሲገባኝ የጠረጴዛውን እግር ረገምኩ፣ ካርቶን አጥፌም ከእግሩ ሥር ወሸቅሁበት።

የወረቀቱን ሦስተኛ መስመር አንብቤ መልሼ ሸጎጥኩት። ጥቂት ቆይቶ ከሥሩ ፍሽሽ የሚል ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ የሚከረፋ ጭስ፣ ቀጥሎ እሳት። ቦርሳዬን ይዤ ዘለልኩ። እስከ ዛሬ ይህን አስባለሁ፤ ቦርሳዬን ነው የያዝኩት። አዛውንቱ ግን እጃቸውን እሳቱ ውስጥ ሰደዱ። ጎትተው ያወጡት የወረቀቱን ጥግ ነበር፣ ምንም ያልተጻፈበትን። አጠገቤ የሚሠራው ጸሐፊ አፈር እየደፋ እሳቱን አጠፋው።

«ያ ረቢ» አሉ። እጃቸው መቃጠሉን ያየነው እኛ ነን።

ባትሪውን የሸጠልኝ ሰው ዘንድ ሄድኩ። «አቦ እህቴ፣ ቻርጀርሽ ነው ጉዱ» አለኝ። መብራት እንዳልነበረና ቻርጀሩ እንዳልተሰካ ነገርኩት። ያን ቀን ባይሰካም በፊት አበላሽቶት ይሆናል አለኝ። የገዢዎችን አቤቱታ ወደሚያይ ቢሮ ሄድኩ፣ ደረሰኝ አምጪ አሉኝ። ያለ ደረሰኝ ዋጋ ስለቀነሰልኝ ደስ ብሎኝ የገዛሁ እኔው ነኝ። ለስንቱ ባለጉዳይ «ደረሰኝ ሳትይዝ አትምጣ» ብዬ ተቆጥቻለሁ፣ ያን ቀን ግን የምቆጣው ሰው አጣሁ።

የቀረው ሽምግልና ነበር። የሱቁ ጎረቤት የሆኑ ሦስት ሽማግሌዎች አስቀመጡን። ደግ ሰዎች ናቸው። «አብሽሪ፣ መላ አይጠፋም» አሉኝ። ነገሩን ለሁለት ከፈሉት፤ መጀመሪያ የላፕቶፑን ጉዳይ እንጨርስ፣ የገበሬውን ወረቀት ደግሞ እሳቸው ባሉበት እናየዋለን ኢንሻአላህ አሉ። ሻጩም ብዙ ካንገራገረ በኋላ በተቃጠለው ፈንታ ሌላ ያገለገለ ላፕቶፕ ሊሰጠኝ እሺ አለ።

«ጸሐፊ ከመካከላችን እያለች ማንን እንፈልጋለን? አንቺው ጻፊው» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

ደስ አለኝ። የእጅ ጽሕፈቴ ያምራል፣ ሰው ሁሉ ይለኛል። ቀኑን ጻፍኩ፣ የሁለታችንን ስም ጻፍኩ፣ የጠቡን ምክንያት ጻፍኩ። መዝጊያው ላይ ስደርስ ግን እጄ ብቻውን ሄደ። ለስንት ባልና ሚስት፣ ለስንት ጎረቤት የጻፍኩትን ያንኑ አሰፈርኩ። «ከእንግዲህ በዚህ እሳት በደረሰ ማናቸውም ጉዳት በሻጩ ላይ የቀረ ጥያቄ የለም።» አላሰብኩበትም። ፈረምን፣ ሽማግሌዎቹም ፈረሙ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሻጩ ሻይ አዘዘልን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

አዛውንቱ እጃቸውን በፋሻ ጠቅልለው ሲመጡ አብረን ወደ ሱቁ ሄድን። የጠየቅነው ብዙ አልነበረም። ወረቀቱ ስለሌለ ጠበቃ ያስፈልጋቸዋል፣ ድንበሩን የሚያውቁ ምስክሮችንም ከድሬ ጠያራ ማመላለስ አለባቸው፤ ሻጩ የዚህን ወጪ ይቻልልን አልን። ሻጩ መሳቢያውን ከፍቶ ስምምነቱን አወጣ።

«እህቴ፣ ቃሌን ፈጽሜያለሁ። ላፕቶፑን ወስደሻል። ይኸው ጽሕፈትሽ» አለኝ።

አነበብኩት። ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን ለሁለት ከፍለውት እንደነበር ጮኼ ተናገርኩ፣ ትልቁም ሽማግሌ ከጎረቤት ሱቅ ተጠርተው መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ልጄ፣ እኛ ያልነው ሌላ ነበር። የጻፍሽው ግን ይኼ ነው፣ ሁላችንም ፈርመንበታል» አሉ። አፍረው ነበር። ሻጩን ቢለምኑትም አሻፈረኝ አለ።

የአዛውንቱ የመሬት ክስ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በማስረጃ እጦት ወደቀ። ዛሬ ያንን መሬት የሚያርሱት የወንድማቸው ልጆች ናቸው። እኔ በተተካልኝ ላፕቶፕ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ምነው በጠፋሁ እያልኩ እጽፋለሁ፣ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። ከፍርዱም ይልቅ የሚያቃጥለኝ ያን ቀን ሻጩ የትልቁን ሽማግሌ ልመና እምቢ ካለ በኋላ ሱቁ ውስጥ የሆነው ነው።

አዛውንቱ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሻጩን ሲያዩ ቆይተው «ምን ይላል? አንብቢልኝ» አሉኝ።

ከቀኑ ጀምሬ አነበብኩላቸው። ጽሕፈቴ ጥርት ያለ ነው፣ አልነበብ ብሎኝ ነው ብዬ እንኳ የማመካኝበት ፊደል የለውም። የመጨረሻውንም መስመር ሳልዘል ጨረስኩት። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«ማን ነው የጻፈው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

በደህናው እጃቸው ወረቀቱን ነካ አደረጉት።

«የእኔን ጉዳይ የዘጋው ይህ ወረቀት የእኔ ስም አለበት?» አሉኝ።

«የለበትም» አልኳቸው።