ጠርሙሱን አልልክም

ከቤት የወጣሁ ዋዜማ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ እናቴ የነጠላዬን ጫፍ ይዛ ፌጦ ቋጠረችልኝ። አንድ ጭብጥ ፌጦ። «ሆድሽን ሲነፋሽ፣ ራስሽን ሲያምሽ፣ ሰው ዓይኑን ሲጥልብሽ፣ ወቅጠሽ በሎሚ ጠጪው» አለችኝ። ለዚያች ደቃቃ ዘር ይህን ሁሉ ሥራ ማሸከሟ አሳቀኝ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ቋጠሮውን በጥርሷ አጠበቀችው። ሊነጋጋ ሲል ታላቅ ወንድሜ አያ ምንይችል ቡሬ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ።

ከመተማ እስከ ካርቱም ያለውን አልተርክላችሁም፤ ያየ ያውቀዋል፣ ያላየ አይየው። ካርቱም ሰው ቤት ልብስ ሳጥብ ዓመታት ከገፋሁ በኋላ «የሚቀበልሽ አገር ተገኘ» ተባልሁና ኖርዌይ ገባሁ። ፌጦዬን ቆጥቤ፣ ትራፊዋን ይዤ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አንድ መለዮ ለባሽ ቋጠሮውን በሁለት ጣቱ አንሥቶ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«መድኃኒት ነው?»

«ምግብም ነው።»

«ለምን በሽታ?»

«ለሁሉም።»

«ለሁሉም የሚሆን መድኃኒት የለም» ብሎ ቆሻሻ ውስጥ ጣላት። ቃሉን ግን ያዝሁበት፤ ኋላ ጠቅሞኛል።

የተከራየሁት ኢንገር የሚባሉ አሮጊት ምድር ቤት ነው። ኅዳር ሲገባ ፀሐይ ጠፋች። እኛ አገር ደመና ቢከብድ ቢከብድ እስከ መስከረም ነው፤ እዚህ ፀሐይዋ ራሷ ስደት ትወጣለች። እኔም ደከምሁ፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ይህን ያዩት ኢንገር አንድ ጧት ማንኪያና ጠርሙስ ይዘው ወረዱ።

«ትራን ውሰጂ። የዓሣ ጉበት ዘይት ነው።»

«ጾም ነው፤ ዓሣ አልቀምስም።»

«ምግብ እኮ አይደለም፤ አንድ ማንኪያ ናት!»

«እኛ ዘንድ ማንኪያም ያስገድፋል።»

«ቤቴን የተከራየ ሁሉ ክረምቱን ሙሉ ይወስደዋል።»

«ውሉ ላይ አለ?»

«ውሉ ላይማ የለም።»

«ውሉ ላይ ያለው መጥፎ ሽታ ክልክል ነው የሚል ነው» አልኋቸው። «ይህ ደግሞ ይሸታል።»

ሴትዮዋ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን «እንግዲያ ሐኪም ይይሽ» ብለው አልለቀቁኝም። ፋስትሌገ ይሉታል እዚህ የየሰዉን ሐኪም። ደሜን አስመርምሮ «ብረትሽ ከእኔ ይበልጣል። የጎደለሽ ቫይታሚን ዲ ብቻ ነው፤ ሌላ አትግዢ» አለኝ። መድኃኒት ቤት ሄጄ የጾም አለ ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ ከድንጋይ ሽበት የሚሠራ አለ አሉኝ። በቡሬ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስጭረው ያደግሁትን ሽበት አሁን በቀን አንዲት ፍሬ እውጠዋለሁ። ጉልበቴም ቀስ በቀስ ተመለሰ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ሄለን የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ አለች፤ አዳራሹ ውስጥ የምትሸጠውን የቫይታሚን ጠርሙስ የሞላ ሻንጣዋን ትከፍታለች። «ይሄ ለደም፣ ይሄ ለፀጉር፣ ይሄ ለጉልበት፣ ይሄ አረንጓዴው ደግሞ ለሁሉም።»

«ለሁሉም የሚሆነው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይጣላል» አልኋት።

«እሺ አንቺ ተዪው፤ ለእናትሽስ አትልኪም? ሰው ሁሉ ይልካል እኮ!»

ይቺ ነካችኝ። በዚያው ሳምንት አያ ምንይችል ደወለ።

«እማ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ወድቃ አነሣናት። የቡሬው ሐኪም ያዘዘላትን የደም ግፊት ኪኒን ከተወች ሰንብታለች አሉ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎረቤታችን የወይዘሮ ጥሩዬ ልጅ ከካናዳ የቫይታሚን ጠርሙስ ይልክላቸዋል። እርሳቸውም ደግ ናቸው፤ የማርያም ማኅበር በተጠጣ ቁጥር ለእያንዳንዷ ሴት እንደ ዳቦ ቁራሽ ያድላሉ፤ ለእናቴማ በጭብጣቸው ሙሉ ይጨምሩላታል። ወዲያው ደወልሁላት።

«እማ፣ የቡሬውን ኪኒን ለምን ተውሽው?»

«ውይ ልጄ! የቡሬው እኮ የበሽተኛ ነው። ይህ ጥሩዬ የሰጠችኝ የጤነኛ ነው። ተማሪ አስነብባው ‹ለአጠቃላይ ጤንነት› ይላል አሉ። እኔም ከበሽተኞቹ ወጥቼ ከጤነኞቹ ገባሁ።»

ልስቅ ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝ። «እማ፣ እሱ ግፊት አያወርድም። ትሞቺብኛለሽ!»

«ታዲያ የሚሻለውን አንቺ ላኪልኛ!»

«አልልክም።»

ከወዲያ ዶሮ ሲጮኽ ይሰማኛል።

«አልልክም አልሽ?»

«ቫይታሚን ጎድሎሻል ያለሽ ሐኪም የለም። የጎደለሽ የተውሽው ኪኒን ነው። እሱን እስክትውጪ አንድም ጠርሙስ አልልክም።»

«ተመስገን! ወለድሁ ብዬ ነበር» ብላ ዘጋችው።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ፍኖተ ሰላም ደረሰ። እዚያ ያለችው አክስቴ ደውላ «ፈረንጅ አገር ገባሽና እጅሽ ደረቀ?» አለችኝ። ሄለንም ሰምታ «ለእናት አይሰሰትም» ብላ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ይበሉ። ስሜ ይጥፋ፣ እናቴ ትቆይ። ለእናንተም፣ ሻንጣ ሙሉ ጠርሙስ ለምትልኩት ወገኖቼ፣ ይህንኑ እላለሁ፤ መጀመሪያ ሐኪም ምን እንዳዘዘላቸው ጠይቁ፣ ከዚያ ላኩ።

ብዙም ሳይቆይ እናቴ ራሷ በአያ ምንይችል ስልክ ደወለች። ድምፅዋ የተገራ ነው።

«ይህ ወንድምሽ ቡሬ ወስዶ ግፊቴን አስለካኝ። ሐኪሙም እንዳንቺ ተቆጣ። እሺ፣ ዋጥሁት።»

«ተባረኪልኝ እማ!»

«ልጄ፣» አለች፣ «ጥሩዬ ጧት ጧት ያችን ፍሬ ስታነሣ ‹ልጄ አጎረሰኝ› ትላለች። እኔን ማን አጎረሰኝ ልበል?»

ለካስ ከጠርሙሱ የፈለገችው ይህን ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ ባለ ቀን ሁሉ ጧት እደውላለሁ። እሷ ዘንድ ፀሐይ ወጥታለች፣ እኔ ዘንድ ድቅድቅ ጨለማ ነው። የድንጋይ ሽበቴን በእጄ ይዤ «በይ አፍሽን ክፈቺ» እላታለሁ። «ከፈትሁ» ትላለች። «ጎረስሽ?» «ጎረስሁ። አንቺስ?» «እኔም ጎረስሁ።» አክስቴ ዛሬም ስስታም ትለኛለች፤ እናቴ ግን ሁለተኛ አልወደቀችም።

ዛሬ ግን ከዋጠች በኋላ ስልኩን አልዘጋችውም።

«ልጄ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል።»

«እማ! ሐኪሙ ያዘዘው በቀን አንድ ነው!»

«እኔ መች ኪኒን አልሁሽ? ሁለተኛውን መጥተሽ በእጅሽ አጉርሽኝ።»

የስደተኛ የጉዞ ሰነዴ ኮት ኪሴ ውስጥ ነው። ወደ ሁሉም አገር፣ ከኢትዮጵያ በቀር ይላል። ይህን ለእናቴ አልነገርኋትም። «እሺ እማ» አልኋት።

«እሺማ ትያለሽ» አለችኝ፣ ኔትወርኩም ተቆረጠ።