የደረቴ ባትሪ

በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን ፒያሳ ካለው ሱቄ ወሰዱኝ። ማኪናው ላይ ሲወረውሩኝ ግራ ደረቴ ከብረቱ ጋር ተላተመ። እዚያ ቦታ ከቆዳዬ ሥር ባትሪ ነበር። የእጄን መንቀጥቀጥ እንዲያስቆምልኝ ውጭ አገር ሄጄ ያስቀበርሁት ነው፤ ከባትሪው የሚነሳው ቀጭን ሽቦ በአንገቴ አልፎ አንጎሌ ውስጥ ይገባል።

የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሽቦው ሳይበጠስ አልቀረም።

«ነጋዴው ገና ሳይነካ ፈራ!» አለ ያመጣኝ ፖሊስ። እስረኞቹ ሳቁ። በሽታ ነው ልል ፈልጌ አፌ ተያዘ። ፈርቼም ነበርና።

ከቀናት በኋላ ባትሪው ላይ ያለው ቆዳ ቀላ፤ ከዚያ ተከፍቶ መግል ይወጣው ጀመር። የምንተኛው ተጣብቀን ነው። ሽታው የእኔ መሆኑን እያወቅሁ፣ እንደ ሌላው ሰው አፍንጫዬን እይዝ ነበር። ምግብ ሲመጣም ወደ ግድግዳው ዞሬ እበላለሁ፤ ግማሹ ጭኔ ላይ ይፈሳል።

አጠገቤ የሚተኙት ሳንጃ ከሚባል አገር የመጡ ገበሬ ነበሩ፤ ሽማግሌ። ሁላችንም «አያ» ነበር የምንላቸው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣

«ምነው ልጄ፣ ግድግዳው ነው ባልንጀራህ?» አሉኝ።

«እጄ እምቢ ብሎኝ ነው፣ አያ።»

«ደረትህስ?»

ሸሚዜን ቀስ ብለው ገለጡት። አፍንጫቸውን አልያዙም። በሩን ደብድበው ሐኪም እንዲመጣ ጮኹ፤ «ነገ» የሚል ድምፅ መለሰ። ከመጠጫ ውኃቸው ላይ ቀንሰው ቁስሉን አጠቡልኝ።

«በል አብረን እንብላ። ሽሮ ሃይማኖት የለውም» አሉና፣ ሃይማኖታችን ለየቅል ቢሆንም፣ በሰው ሁሉ ፊት አጎረሱኝ። እንደ ሕፃን መጉረሴ አሳፍሮኝ ቀና ማለት አቃተኝ። «አንድ ያጣላል» ብለው ደገሙኝ።

እኔም ጠቀለልሁ። እጄ እየዘለለ ሽሮውን ጢማቸው ላይ ቀባሁት፤ ጋቢያቸውም ላይ ተንጠባጠበ። እስኪደርሳቸው አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ። ማንም አልሳቀም።

«ድገመኝ እንጂ፤ ልትጣላኝ ነው?» አሉኝ።

ደገምኋቸው።

ከተፈታሁ በኋላ ሐኪሞች ቁስሉ ወደ አንጎሌ እንዳይሄድ ሰግተው ባትሪውንም ሽቦውንም አወጡት። መልሶ ማስገባት አልተቻለም። አያም እንደተፈቱ ሰምቼ፣ ልጠይቃቸው ብዬ ሳንጃ ለመሄድ መናኸሪያ ድረስ ወጥቼ ተመልሻለሁ። ቤታቸው ገብቼ፣ በባለቤታቸውና በልጆቻቸው ፊት እንዲህ ስንቀጠቀጥ መታየቱን አልቻልሁትም።

እኔ እየተናገርሁ ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። እዚህ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አቁማ አየችኝ።

«ጻፊው» አልኋት።