የአመድ ንግሥት ግራ እጅ

ሴትየዋ ወንበሯ ላይ ከመቀመጧ በፊት የግራ እጅጌዋን ጣቶቿ እስኪሸፈኑ ትጎትታለች። ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ሶፊያ ከተማ ባለችው ካፌያችን ጥግ ሆና፣ ባኒጻ የሚሉትን በአይብ የተጋገረ ቂጣዋን በቀኝ እጇ ብቻ እየቆረሰች ክርክራችንን ታዳምጣለች።

የምንከራከረው በኢንተርኔት በየቀኑ አንድ ገጽ ስለሚወጣ የሥዕል ታሪክ ነው። ጀግኖቹ ዳይስ ጥለው ዕጣቸውን የሚያውቁበት፣ አማልክት የሞሉበት ዓለም ነው። ትናንት ያጣላን ከገጸ ባሕርያቱ አንዷ፣ የአመድ ንግሥት፣ ግራ እጇን የምትደብቅበት ምክንያት ነበር።

«እሳት ስትሰርቅ ተቃጥላ ነዋ!» አለ ከመካከላችን ስቪለን።

«ምንም አልተቃጠለችም» አለች ሴትየዋ። «ጥፍሯን ስለምትበላ አፍራ ነው።»

«እሜቴ፣ አብረሻት ነው እንዴ ያደግሽው?» አላት ስቪለን።

ሁላችንም ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።

ታሪክ እንደምጽፍ ታውቃለች፤ ወደ ትራሙ ስንሄድ ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። ሠዓሊዋ ታናሽ እህቷ ናት። ልጆች ሳሉ ጠረጴዛ ሥር ተደብቀው ሲጫወቱ፣ አማልክቱን እየፈጠረች ስም የምታወጣላቸው ታላቋ፣ እሷ ራሷ፣ ነበረች፤ ታናሿ ደግሞ የሰማችውን ትስል ነበር።

«አሁን ሰው ሁሉ የሚያውቀው የእሷን ስም ነው። እኔ በሥዕሏ ውስጥ የምትደበቀው እጅ ሆኜ ቀረሁ። ቅናቱ አንጀቴን ይበላዋል። እሱን ጻፊው፣ አላፍርበትም።»

ትራሙ ሲመጣ እጅጌዋን እንደገና ጎተተች።

«አንድ ነገር ብቻ እንዳትጽፊብኝ፤ ጠዋት ጠዋት አዲሱ ገጽ እንደወጣ፣ በውሸት ስም ከሰው ሁሉ ቀድሜ ገጹ ላይ የልብ ምልክት የምጫንላት እኔ መሆኔን።»