የማይደክም አንባቢ

ኢንተርኔት ላይ ጦማር አለኝ። ስለ መጻሕፍት፣ ስለ ስልክና ኮምፒውተር፣ ስለ ባሕር ዳር ውሎዬ እጽፍበታለሁ። ሰሞኑን አንባቢዎቼ «ምነው ጠፋሽ?» ይሉኛል። የሚጠፋውስ ኔትወርኩ ነው፤ እኔ ደክሞኝ ነው። ቀኑን ሙሉ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ እውላለሁ፤ አመሻሽ ላይ በሐይቁ ዳር ስሄድ እንኳ ዓይኔ ከስልኬ አይነሳም። ራስጌዬ ያሉት መጻሕፍት አቧራ ለብሰው ይታዘቡኛል። አንብቡ እያልኩ ሰውን የምመክረው እኔ፣ ለራሴ ማንበብ ካቆምኩ ቆየሁ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ የማነበው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለአባቴ። እሱንም ሥራ ለስልክ ሰጠሁት።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን መምህር ነበሩ። ዕድሜያቸውን በጣና ዳር ገጠር ሲያስተምሩ ኖረው፣ እናቴ ካረፈች በኋላ ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ወደ ከተማ አመጣኋቸው። አብረውኝ እንዲኖሩ ብለምናቸው «ለቤተ ክርስቲያን ልቅረብ» ብለው እምቢ አሉ፤ ዓባይ ማዶ አንድ ክፍል ቤት ተከራየሁላቸው። ምግቡን አከራይዋ ታቀርብላቸዋለች። ንባቡ ግን የእኔ ድርሻ ሆነ፤ ዓይናቸው ፊደል መለየት አቁሟል።

ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት በባጃጅ ድልድዩን ተሻግሬ ወንጌል አነብላቸው ነበር። ወንጌል ሲነበብ ደግሞ አይቀመጡም። ጉልበታቸው እያመማቸው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ይቆማሉ።

«አባባ፣ ቤት ውስጥ እኮ ነን፤ ይቀመጡ» እላቸዋለሁ።

«ቤት ውስጥ ሲሆን የማን ቃል ሊሆን ነው?» ይሉኛል።

አንድ ምዕራፍ ሳልጨርስ ድምፄ መሻከር ይጀምራል። ያን ጊዜ «ደከመሽ፤ ይብቃ» ይላሉ። «ወስብሐት ለእግዚአብሔር» ብዬ እዘጋለሁ፤ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ብለው መርቀውኝ ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀኝ የባጃጅ ግፊያና የአለቃዬ ግልምጫ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ሰለቸኝ። አባቴ አልሰለቹኝም፤ ጠዋቱ ሰለቸኝ።

አንድ እሑድ በሬን ዘግቼ ወንጌሉን በድምፄ ቀዳሁት። ሳሌን፣ ትንፋሼን፣ የተሳሳትኩትን ቃል ሁሉ በኮምፒውተር ቆርጬ አወጣሁ። በየምዕራፉ መዝጊያውን፣ «ወስብሐት»ን፣ መድገም ጊዜ ማባከን መሰለኝና እሱንም የወንጌሉ መጨረሻ ላይ ብቻ አስገባሁት። አሮጌ ስልኬ ላይ ጫንኩላቸው፤ የሚነኩትን ቦታ በጣታቸው እንዲለዩት ዙሪያውን ፕላስተር ለጠፍኩበት። አንዴ ሲነኩት ይጀምራል፣ ሲደግሙት ይቆማል። አባቴ ግንባሬን ስመው መረቁኝ። እኔም በኩራት ጦማሬ ላይ ጻፍኩት፤ ከጻፍኳቸው ሁሉ እንደዚያ የተወደደልኝ የለም። «እኔም ለእናቴ ልቅዳላት» ያሉኝ ብዙ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ወደ ዓባይ ማዶ የምሻገረው በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ የአባቴ እግር ማበጥ ጀመረ። ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው።

«ብዙ ሰዓት ይቆማሉ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ ሐኪሙ።

እኔ ቀድሜ «የት ሊቆሙ? ቤት ነው የሚውሉት» አልኩ። አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጨው ይቀንሱ ተባለ። አከራይዋም ምንም ያላጠፋውን ጨው ከወጣቸው አወጣችው።

አንድ ቀን መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ጠፋና ሥራ ቆመ። ሌላ ቀን ቢሆን ቤቴ ገብቼ እተኛ ነበር፤ እግራቸው አሳስቦኝ ተሻገርኩ። ከግቢው በር ስገባ ድምፄን ሰማሁት። ይነበንባል። ሳል የለበትም፣ ትንፋሽ የለበትም፣ ምዕራፉ ሲያልቅ ቀጣዩን ያያይዛል። የራሴ ድምፅ አስጠላኝ።

አባቴ ክፍሉ መሀል ቆመዋል። አገጫቸውን መቋሚያው ላይ አስደግፈው፣ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። ሮጬ ስልኩን አጠፋሁና ደግፌ አስቀመጥኳቸው። እግራቸው ጫማው ላይ ሞልቶ ፈስሷል።

«ለምን አላቆሙትም?» አልኩ፤ እየጮህኩ ነበር።

«ቃሉን ከአንባቢው አፍ እንዴት እቆርጣለሁ ልጄ? እስክትዘጊ ጠበቅሁ።»

«በየቀኑ እንዲህ ነው?»

ያበጠ እግራቸውን ወደ ወንበሩ ሥር ሳቡ። የሐኪሙ ጥያቄ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ደክመሽ ያመጣሽውን አልፈልግም ልበል? አንች እንድታርፊ ብየ ነዋ።» ከዚያ በእጃቸው ስልኩን ፈለጉና መለሱልኝ። «ይኸ ደግ አንባቢ ነው፤ ግን አይደክመው። አንች ሲደክምሽ ነበር እኔ የማርፍ።»

ያንን የኩራት ጽሑፍ ከጦማሬ አላጠፋሁትም። ከሥሩ ግን አንድ ነገር ጨመርኩበት፤ ድምፃችሁን ቀድታችሁ ለወላጆቻችሁ የሰጣችሁ ሰዎች ሄዳችሁ እዩ፣ ቆመው ይሆናል አልኩ። ያን ያህል የወደደው ሰው አልነበረም።

አሁን ጠዋት ጠዋት እንደገና እሻገራለሁ። ባጃጁም ያው፣ ግልምጫውም ያው ነው። መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ እንዳነበብኩ የውሸት እስል ነበር፤ ቶሎ «ደከመሽ» ብለው እንዲቀመጡልኝ። ዛሬ ግን ማስመሰል አላስፈለገኝም። ሌሊቱን በደንብ አልተኛሁም ነበር፤ ገና አንድ ገጽ ሳልጨርስ ድምፄ ተቆረጠ። አባቴ ፈገግ አሉና ወንበራቸውን በእጃቸው ይፈልጉ ጀመር።