ያልጎደለው ጎማ

ሠላሳ ዓመት ጎማ ሲጠግኑ የኖሩት አባባ ጎሚስታ በጎማ ነገር ዋሽተው አያውቁም። ታዲያ የልጃቸው ባል እሳቸውንና ባለቤታቸውን ወደ ቤት ሲመልስ በየግማሽ ሰዓቱ መኪናውን ማደያ ላይ እያቆመ «የኋላውን ጎማ ልየው» ማለቱ አልዋጥላቸው አለ። ጎማው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል! «ይሄ ሰውዬ የደበቀኝ ነገር አለ» እያሉ፣ መቼም ከወረዱ አይቀር፣ ሽንታቸውን ሸንተው ይመለሳሉ። አማቻቸው ደግሞ ከባለቤታቸው ጋር ይንሾካሾካል። አራተኛው ማደያ ላይ ቶሎ ተመልሰው ከመኪናው ጀርባ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ።

«እማማ፣ እስከ መቼ ነው ደህና ጎማ የማየው?»

«ቻለው ልጄ። እሱ እንደሆነ ሽንቴ መጣ ብሎ መኪና ከሚያስቆም ሞቱን ይመርጣል።»

አባባ ጎሚስታ ምንም እንዳልሰማ ሰው ገብተው ተቀመጡ። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስማ አንተ፣ ያቺ የኋላ ጎማ አላማረችኝም።»