ወንድሜ ትምህርት ቤቱን ያስጎበኘ ዕለት

ወንድሜ ውሸት አያውቅበትም። ልጆች ሆነን ስኳር ሰርቀን ስንያዝ፣ እኔ ሽምጥጥ አድርጌ ስክድ እሱ ገና ሳይጠየቅ ጆሮው ይቀላ ነበር። እና ይኼ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ዋሸ፤ አንዷም ሰመረችለት። እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ «ውይ ሲያምርብሽ!» ስል እውላለሁ፣ አንድም የሚያምነኝ የለም።

«ጋሼ» ነው የምለው፣ ታላቄ ነው። ከሰፈራችን ጀርባ ባለው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ያስተምራል። አላገባም። «ለምን?» ሲሉት «ሚስት ባመጣ የፈተና ወረቀቱን የት ላስቀምጠው?» ይላል። የልጄ አባት ጥሎን ከሄደ ወዲህ ፊደል ያስቆጠራት፣ ስትታመም ተሸክሞ ሐኪም ቤት የሮጠ፣ ጥርሷ ሲነቀል አብሯት ያለቀሰ እሱ ነው። እሷም እንደ እኔው ጋሼ ትለዋለች። ተማሪዎቹ ደግሞ «ባለ ቀለሙ» ይሉታል፤ ማታ ሲመጣ ጣቶቹ ቀይና ሰማያዊ ሆነው ስለማይ፣ እዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ ስንት ተአምር ሲሠራ የሚውል ይመስለኝ ነበር።

ልጄ ስምንተኛን በጥሩ ውጤት ጨረሰች። «መድኃኒት ቀማሚ ነው የምሆነው» ካለች አንስቶ ቤት ውስጥ ያልቀላቀለችው ነገር የለም፤ አንዴ የደንበኛ ሻምፑ ከሆምጣጤ ጋር ደባልቃ አንዲት ሴትዮ ጮኻ ወጥታለች። ከከተማው ማዶ ያለ ሌላ ትምህርት ቤት፣ እሱም የመንግሥት ነው ግን መምህር አይጎድልበትም ይባላል፣ ተቀበላት። ችግሩ መንገዱ ነው፤ ሁለት አውቶቡስ፣ ያውም ግፊያ። እስከ ዓርብ ማታ ትመጣለች ወይም አትመጣም በሉን አሉ።

ጋሼን «የቱ ይሻላታል?» አልኩት። ስለ ትምህርት ቤቱ ክፉ ማውራት እናቱን መሳደብ ነው የሚመስለው። «ዓርብ ለአዲስ ወላጆች ጉብኝት አለ፤ ነይና እዪው። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» አለኝ። ምን ማለቱ እንደነበረ አሁን ነው የገባኝ። ጉዱን ራሴ አይቼ እንድሸሽ ነበር የፈለገው፤ እሱ እንዳይናገር።

ዓርብ ጠዋት ደንበኛዬን ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር አስቀምጬ፣ «መጣሁ» ብዬ ሄድኩ። በሩ ገና ቀለም ተቀብቶ አልደረቀም፤ አንዷ እናት ቀሚሷን አስነካችና ስትረግም ደረስኩ። ዳይሬክተሩ ከረባቱን እየነካካ ንግግር አደረገ። «ባለፈው ዓመት ካስፈተንናቸው ከመቶ ዘጠናው አልፈዋል» አለ። አጨበጨብን። ቀጥሎ «ዛሬ የሚያስጎበኟችሁ በጣም የተከበሩ መምህራችን ናቸው» ብሎ ወደ ጎን ዞር ሲል፣ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ጋሼን! ነጭ ጋውን ለብሶ። ለካ እንዲያስጎበኝ ያን ጠዋት ነው የነገሩት።

አንድ ክፍል አስገባን። ልጆቹ በአንድ ዴስክ ሁለት ሁለት ሆነው ተቀምጠዋል፤ ጥያቄው ሳያልቅ እጃቸው ይወጣል። ሹፌር መሆኑን የነገረን አንድ አባት «ሽንት ቤቱ ውኃ አለው?» ሲል ዳይሬክተሩ ራሱ ሄዶ ቧንቧውን ከፈተው፤ ፏ አለ። ከዚያ ላቦራቶሪ ገባን። ወይ ጉድ! የመስታወቱ ዓይነት፣ ጥራቱ! ጠባብ አንገት ያለው፣ ሆዱ የተነፋ፣ ቀጭን ረጅም፣ ሁሉም ተደርድሮ ያበራል። ልጄ እዚህ ቆማ ታየችኝ። ልቤ እዚያው ቀረ።

ያም ሆኖ እኔ በቀላሉ የምታለል ሰው አይደለሁም፤ እንዲህ ይመስለኝ ነበር። ወንድሜን እንደ ወንድም ብጠይቀው ይሉኝታ ይይዘዋል። ሥራው ላይ የቆመን መምህር ግን በዚህ ሁሉ ምስክር ፊት ማንም የማያውቀኝ ወላጅ ሆኜ ብጠይቀው እውነቱን ይናገራል አልኩ። እጄን አወጣሁ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ የራስዎን ልጅ እዚህ ያስገባሉ?»

ጋሼ አየኝ፤ ዳይሬክተሩንም አየው፤ ፈገግ ያለም መሰለኝ። «የራሴ ልጅ የለኝም» አለ። «እንደ ልጄ የማያት የእህቴ ልጅ አለች። ዘንድሮ እዚሁ ነው የምትገባው።»

ጆሮውን ማየቱን፣ ሞት ይርሳኝ፣ ረሳሁት።

ወላጁ ጉርምርም አለ። ሹፌሩ «በቃ! የእህቱን ልጅ ካስገባ ሌላ ምን ይጠየቃል?» ብሎ ቀድሞ ወደ ምዝገባው ሄደ፤ ሰው ሁሉ ተከተለው። እኔም ተከተልኩ። አስመዘገብኳት። እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሜ ማዶ ላሉት ደወልኩና «ቦታዋን ለሌላ ስጡት፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። ደንበኛዬ ካስክ ሥር ተቀቅላ ጠበቀችኝ፤ እኔ እቴ፣ እየዘፈንኩ ነው ያበጠርኳት።

አመሻሹ ላይ ጋሼ ብርቱካን ይዞ እየሳቀ መጣ። እሱ እንዲህ ሲስቅ ብዙ ጊዜ አላየሁም። «አንቺ ተንኮለኛ! እንዴት አድርገሽ ነው የገላገልሽኝ! ጥያቄሽ ባይኖር ግማሹ ወላጅ ሊሄድ ነበር እኮ!»

«ምኑን ነው የገላገልኩህ?»

«እንደማታውቂኝ ሆነሽ ስትጠይቂኝ ነዋ! ልታግዥኝ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ዳይሬክተሩም ‹ያቺን ሴትዮ እግዜር ይባርካት› አለ። ይልቅ ማዶ ላሉት ነገርሻቸው? ሰኞ ነው የምትገባው?»

«ጋሼ፣ እዚህ አስመዘገብኳት።»

ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንዱ ተንከባሎ ወደቀ፤ ሁለታችንም አላነሳነውም።

ከዚያ በኋላ ያልነገረኝ የለም። ያ ክፍል ከየክፍሉ ጎበዝ ጎበዙ ተለቅሞ ለዚያ ጠዋት የተሰበሰበ ነው። ውኃው ዘበኛው ከንጋት ጀምሮ በባልዲ አመላልሶ ከቧንቧው ጋር በተያያዘው በርሜል ውስጥ የሞላው ነው። ከመቶ ዘጠና የተባለው፣ የሚወድቅ የመሰላቸውን ልጅ ቀድመው «ድገም» ብለው ስለማያስፈትኑ ነው። ላቦራቶሪው ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ ይኖራል፤ ዕቃው በጋሼ ፊርማ የወጣ ነው፤ አንድ ብልቃጥ ቢሰበር ጡረታ ሲወጣ እሱ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ማንም አይነካውም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው። እሱ የሚያስተምረው ሰሌዳ ላይ ብልቃጥ እየሳለ ነው። ውስጡን በቀይ ጠመኔ ይሞላና «አሁን አንድ ጠብታ ጨመርን» ብሎ፣ በጣቱ ጠርጎ በሰማያዊ ጠመኔ ይተካዋል። ባለ ቀለሙ ያሉት ለዚህ ነው።

«ታዲያ ለምን ዋሸህ?» ብዬ ጮኽኩ። ጎረቤት ይስማ አይስማ ግድ አልነበረኝም።

«ተማሪ ካነሰ ትምህርት ቤቱን ከሌላ ጋር ቀላቅለው እኛን ሊበትኑን ነው። አንቺ ደግሞ እኔን ታውቂኛለሽ ብዬ…» አለ። ጆሮው ፍም መስሏል። አሁን ቢቀላ ምን ይጠቅመኛል!

ሰኞ ማለዳ ሁለቱንም አውቶቡስ ተጋፍተን ማዶ ሄድን። ጋሼ ለማንም ጎንበስ የማይል ሰው ጸሐፊዋን እጅ ነሥቶ ለመነ። ቦታው ቅዳሜውኑ ተሰጥቷል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ልጄ ገባች። ዴስክ የሚደርሳት ቀድማ ከደረሰች ነው፤ ካልሆነ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ትዘረጋለች። የፊዚክስ መምህሩ ለቀቀ፤ ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል ሲባል ዓመቱ አለቀ። ሒሳብ የሚያስተምረው በሁለት ፈረቃ ስለሚሠራ ከሰዓት በኋላ ድምፁ ተዘግቶ ሰሌዳ ላይ ብቻ ይጽፋል። ጋሼ አንድ ቀን ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ «ይውጣ የወጣው» ብሎ ልጆቹን ላቦራቶሪ አስገባ። ይኼን ሁሉ ልጅ አንድ ሰው ምን አድርጎ ይጠብቃል? ተገፋፉ፤ አንድ መደርደሪያ ተገለበጠ። ዳይሬክተሩ ቁልፉን ተቀበለው፤ ስብርባሪውም በስሙ ተጻፈ። ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት እየመጣ ያስጠናት ነበር፤ የማያውቀውን ፊዚክስ ማታ እያነበበ፣ ጠዋት ለሷ እያስረዳ። ሁለቱ ጠረጴዛው ላይ ሲያጎነብሱ አይቼ ምላሴን እነክሳለሁ። ልሰድበው እየፈለግሁ ምሳ አቀርብለታለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ወንድሜ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ማዶ ቦታ ተገኘላት። የት የት ብሎ፣ ማንን ለምኖ እንዳገኘው እንጃ። እየሮጠ መጥቶ ነገራት። «አልሄድም፣ እዚሁ ተመችቶኛል» አለችው። ጓደኞቿን ለምዳ ነው ብዬ አስቤ፣ ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ ጫማም ልግዛልሽ አልኩ። አሻፈረኝ አለች። ጋሼ ግን ደስ አለው፤ «ምናልባት እኛም ያን ያህል መጥፎ አይደለን ይሆናል» አለኝ።

የመጨረሻውን ፈተና ወሰደች። አላለፈችም። ያን ዓመት «ድገም» ማለት ተከልክሎ ሁሉም ተፈትኗል፤ ከክፍሏ ያለፈ ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም። ጋሼ ውጤቱን ሊነግረን መጥቶ በር ላይ ቆሞ ቀረ፤ «ግቢ» ያለችው ራሷ ናት፤ ከድንጋጤ ብዛት እሱን በሴት ጠራችው፤ ማንም አልሳቀም።

አሁን እኔ ዘንድ ትሠራለች። ፀጉር ታጥባለች፣ ቢጎዲን ትጠቀልላለች። በቀደም ደንበኛ ያልነበረበት ሰዓት ወለል እየጠረገች ሳለ አላስቻለኝም፤ «ያኔ ማዶ ብትሄጂ ኖሮ» አልኳት። «ጓደኛ ነው የበለጠብሽ?»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «የምን ጓደኛ እማዬ? ክፍላችን ውስጥ ያሉት እኮ ያን ቀን ጋሼን ሰምተው የመጡ ናቸው። የሹፌሩ ልጅ ከጎኔ ነበር የሚቀመጠው። ‹የእህቱ ልጅ አንቺ ነሽ አይደል? አባቴ ባንቺ ነው ያስገባኝ› ይሉኝ ነበር። እኔ ብወጣ ጋሼ እንደዋሸ ሁሉም ያውቁ ነበር። ከዚያ በኋላ ክፍል ገብቶ ሲያስተምር ማን ይሰማዋል?»

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር።

«ታዲያ እንዳትነግሪው» አለችና መጥረጊያዋን አነሳች።

አልነገርኩትም። ጋሼ ከሥራ ሲመለስ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ይቆምና «ልጄ፣ ደህና ዋልሽ?» ይላታል። «ደህና፣ ጋሼ» ትለዋለች። ያምናታል።