ሁለት ጊዜ የሄዱ ሰዎች

ባለፈው ሳምንት ባቡር ውስጥ ዝናብ የመታው የሱፍ ካፖርት የለበሱ ሴትዮ አጠገቤ ተቀመጡ። የእርጥቡ ሱፍ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ አትላንታ አቅራቢያ ማሪዬታ ከተማ ያለ አንድ ጠባብ ሳሎን ታወሰኝና መውረጃዬን አሳልፌ ሄድኩ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ የታሪክ ተማሪ ነበርኩ። ከአባቴ ጋር እዚያው አትላንታ ዳር ኖርክሮስ አንድ አፓርታማ ውስጥ እንኖር ነበር። ከሰላምታ ያለፈ ወሬ ግን አልነበረንም። ሰባት ዓመቴ ላይ ከእናቴ ጋር ወደ አትላንታ ያመጣን እሱ ነው። አሥራ ሦስት ሲሞላኝ «አገራችን እንግባ» ብሎ አዲስ አበባ መለሰን። ሁለት ዓመት ሳይቆይ እንደገና ሻንጣ አስያዘኝ። እናቴ ግን «አልጋ ላይ የዋለች እናቴን ጥዬ ሁለተኛ አልሰደድም» አለች፤ ቀረች። ዘመድ ሁሉ «ሥራ አልሆንለት ብሎ ነው» ሲል እሱ አንድም ቀን አላስተባበለም። እናቴን ያሳጣኝ እሱ ነው ብዬ ቂም ይዤ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ስለ አየርላንድ ስደተኞች ስናነብ፣ አሜሪካ ኖረው አገራቸው ስለ ገቡና ተመልሰው ስለ ተሰደዱ ሰዎች የሚያወራ አንድ አጭር አንቀጽ አገኘሁ። ደጋግሜ አነበብኩት። የማጠናው ይህንን ነው አልኩ። መምህሬ «ለምን መረጥሽው?» ስትለኝ «ብዙ ሰው ስላልጻፈበት» ብዬ ዋሸኋት። እሷም ሁለት ጊዜ ከተሰደዱ አንዲት አየርላንዳዊት አሮጊት ጋር አገናኘችኝ።

ቤታቸው ማሪዬታ ነው፤ መኪና አልነበረኝም። አባቴ ኮሌጅ ፓርክ በሚባል ሰፈር የሆቴል እንግዶችን ከኤርፖርት የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። በእረፍት ቀኑ ሊያደርሰኝ እሺ አለ። መንገዱን ሙሉ የሚሰማው የዝናብ መጥረጊያው ድምፅ ብቻ ነበር።

«ፓርክ አድርጌ እጠብቅሻለሁ» አለኝ።

አሮጊቷ ግን በመስኮት አይተውት ኖሮ «በዚህ ዝናብ? ይግባ እንጂ!» አሉ። ገብቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ማሞቂያው ላይ እርጥብ የሱፍ ሹራብ ተዘርግቶ ይተን ነበር። ስልኬን ሪኮርድ ላይ አድርጌ ጥያቄዬን ጀመርኩ።

«መጀመሪያ ስሄድ መንደሩ ሁሉ አለቀሰልኝ» አሉ። «ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ማንም ከቤቱ አልወጣም።»

«ለምን ነበር ሁለተኛ የሄዱት?»

ሹራቡን ማሞቂያው ላይ ገለበጡት። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። «ልጅዎ በስልክ ነግራኛለች፤ እርስዎም ሁለቴ ነው የመጡት። እስቲ እርስዎ ያስቀድሙ።»

 አባቴ መሬት መሬቱን እያየ «ሥራ አልተሳካልኝም» አለ።

«እሱማ ለጎረቤት የሚነገረው ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው።»

ስልኩን ላጠፋው እጄን ዘረጋሁ። አባቴ ግን ሳላጠፋው መናገር ጀመረ።

«ልጄ መናገር አቆመች» አለ በእንግሊዝኛ፣ ቃል እየመረጠ። «ትምህርት ቤት በአማርኛዋ ሳቁባት። አምስት ወር ሙሉ የምትፈልገውን በወረቀት እየጻፈች ነበር የምትሰጠን። አንድ ቀን ከሰዓት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከራሷ ጋር በእንግሊዝኛ ስታወራ በበሩ በኩል ሰማኋት። በማግስቱ ትኬት ቆረጥኩ።»

እነዚያን ወራት እኔ የማስታውሳቸው እንደ ኩርፊያ ነበር። ወረቀቶቹን ግን ወዲያው አስታወስኩ፤ «ውሃ»፣ «ራሴን አመመኝ»፣ «ነገ አልሄድም»።

አሮጊቷም «እኔ በእናቴ ጓዳ እንግዳ ሆኜ ነው የሄድኩት» አሉ። «እህቴ ማንኪያ ስፈልግ እንኳ እየተነሳች ታቀብለኝ ነበር።» 

መኪናው ውስጥ ስንገባ አባቴ ቁልፉን ይዞ ቆየ፤ ሞተሩን አላስነሳም።

«አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ከእናቴ የተለየሁት በእኔ ጥፋት ነው ብለሽ ልታድጊ?» አለ። «እኔን ብትጠዪኝ ይሻላል ተባባልን፤ እኔና እናትሽ።»

«ሶሪ» አልኩ።  ክንዱ ላይ ተደግፌ አለቀስኩ፤ እሱም እስኪወጣልኝ ድረስ ክንዱን አላሸሸም።

ጥናቱን ጨርሼ ተመረቅሁ። አሁንም የማስተምረው ስለ እነዚያው ሰዎች ነው። ተማሪዎቼ ለምን እንደመረጥኩት ሲጠይቁኝ አልዋሽም።

በተመረቅሁ በዓመቱ አባቴ ወደ እናቴ ተመለሰ። እኔ ተምሬ ስለጨረስኩ እዚህ የሚያስቀረው ነገር አልነበረም። ኤርፖርት ያደረስኩት እኔ ነኝ። ከኋላችን መኪናዎች ጡሩምባ ይነፉ ስለነበር በቅጡ እንኳ አልተሰነባበትንም፤ ግንባሬን ሳመኝና ሻንጣውን እየጎተተ ገባ። መሪውን እንደያዝኩ አንድ እጄን እሱ ተቀምጦበት በነበረው ወንበር ላይ አሳረፍኩ። ሙቀቱ ገና አልለቀቀውም ነበር።